የእማዬ ዲስክ

ኮምፒውተር ጠጋኙ የሰው ዲስክ ሲነካ አንድ ሕግ ነበረው፤ መጀመሪያ ሙሉውን ኮፒ አድርግ፣ ከዚያ ኮፒው ላይ ሥራ። ደንበኛውን ሁሉ በዚህ ስብከት ያሰለቸዋል። ታላቅ እህቱ የሟች እናታቸው ድምፅ የተቀዳበትን ዲስክ «ለእኔም አባዛልኝ» ብላ ስታመጣም በሕጉ ጀመረ። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ትእዛዙን ሲጽፍ መነሻውንና መድረሻውን አገላበጠው። ባዶው ዲስክ በእናቱ ዲስክ ላይ ይጻፍ ጀመር። ደንግጦ ሲያቆመው ግማሹ ሄዷል።

ታዲያ ሰባኪያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እታለም፣ ሲመጣም የሞተ ነው። ጥለሽው ነበር እንዴ?»

እሷ የዋህ ናት። አስባ አስባ፣ «አንዴ ከመደርደሪያው ወድቆብኛል» አለችና እንባዋ መጣ። እሱን ግን ቀለል አለው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ያ ቀለል ማለቱ ነው።

ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ደበቀው። ዛሬ ጠዋት ሱቁ ጭር ሲል አወጣና፣ መነሻውን ሦስት ጊዜ በጣቱ እየነካ አንብቦ፣ የተረፈውን በአንድ ፋይል ቀዳው። ዲስክ እንደ ቤት በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ የክፍሎቹ ዝርዝር መጀመሪያው ላይ ቢጠፋም መጨረሻው ላይ መጠባበቂያ ነበረውና ከዚያ መለሰው። ቀጥሎ ትእዛዝ በሚጻፍበት የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ የሚያወጣውን ትእዛዝ ጻፈ። ሁለት መስመር ወጣ፤ ሁለት ክፍል አለ ማለት ነው። ድምፁ የነበረበት አንደኛው ክፍል አልከፈት አለ። ሁለተኛው ተከፈተ፤ ፎቶ ብቻ። እናቱ በር ላይ ቆማ ትስቃለች።

ደወለላት። እየሮጠች መጣች፣ ፎቶውን አየች፣ ግንባሩን ሳመችው።

«እኔ ጣልኩት፣ አንተ አነሣኸው። ተባረክ!»

ዝም ቢል ይህችም ታልፍ ነበር። ሆዱ ግን እምቢ አለው።

«አልጣልሽውም፣ እታለም። ትእዛዙን ገልብጬ ጽፌ ድምፅዋን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁሽ።»

እህቱ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«መቃብሯ ላይ ተደፍቼ ‹እማዬ፣ ድምፅሽን ጣልኩት፣ ይቅር በይኝ› ስላት፣ ቦርሳዬን ይዘህልኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር አይደል?»

«ቆሜ ነበር» አላት።