ቆመህ ተለካ

እናቴ የወንዶች ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት። ከአንገቷ ከማይወርደው መለኪያ የተነሳ ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል፤ እሷ ስትለካ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሱቋ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ አንድ የስፌት ማሽን፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ዱካ አለው። ጉዷን ያወጣው ዱካው ነው።

እጇ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ ሲላት ለማንም አልተናገረችም። ረጃጅም ደንበኞችን ግን «አረፍ በል ልጄ፣ ደክሞሃል» እያለች ዱካው ላይ አስቀምጣ ትለካ ጀመር። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጀርባው ይጎብጣል። የአንድ ረጅም የአውቶቡስ ሾፌር ኮት ሲደርስ ከኋላ ረዝሞ ከፊት ተሰቀለ።

«እማማ፣ ይሄ ኮት የሚያምረው ሲቀመጡ ነው» አለ ሾፌሩ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር እያለ።

እናቴ ሳቀች። እሱ ሲወጣ ግን ኮቱን መተርተር ጀመረች።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው የምትኖረው። «እርጅና ነው፣ በቃሽ» አለቻት። «አንድ ሞባይል ሻጭ ሱቁን ልከራይ ብሏል። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ስጪውና እረፊ።»

«እትዬ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?»

«ቀና ማለት አቅቶሽ ምኑን ትለኪያለሽ?»

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወጣቷ ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እማማ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የብዙ ሴቶች አጥንት ይሳሳል። የእርስዎ ግን ደንድኗል።»

«ሟቹ ባሌም ደንዳና ነሽ ይለኝ ነበር።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?» አለች።

እናቴ ኮራ አለች። «ከግቢያችን ነዋ! ባሌ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አለን። ደግሞ እንዲሁ አልጠጣም፤ እኩሌታው እስኪጎድል አፈላዋለሁ። ሻዬም ከሱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ።»

የደሟ ውጤት ሲመጣ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ከልክ አልፎ ተገኘ። ከመሬት በታች ካለው ድንጋይ እየሟሟ ወደ ጉድጓዱ ይገባል አለችን ሐኪሟ። ጥቂቱ ለጥርስ ደግ ነው፤ ሲበዛ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ መገጣጠሚያ ያስራል። ማፍላት ተሕዋስ ቢገድልም ፍሎራይድን አያጠፋም። ውሃው ተንኖ ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

እናቴ ውጤቱን ልትሰማ አብራን ወደ መጣችው አክስቴ ቀስ ብላ ዞረች። አክስቴ ጉድጓዱ ድረስ መሄድ ስለሚታክታት፣ ከጣሪያው በአሸንዳ ወርዶ በሯ ሥር በርሜል ውስጥ የሚጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ነበር የምትጠጣው። እናቴ «የሰነፍ ውሃ» ስትለው ነው የኖረችው።

«ሰነፏ ይኸው ቀጥ ብላለች» አለች አክስቴ። እስከ ራት ድረስ እሱኑ ደጋገመችው።

ጣሪያውን አጠብን፣ ሌላ በርሜል ጨመርን፣ አጣርተን፣ ከድነን፣ ለአፍታ ብቻ ማፍላት ለመድን። ሐኪሟ በባዶ ተስፋ አልሸነገለችንም፤ «አጥንት የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ሕመሙ ግን ሊቀልል ይችላል። እጅዎን በየቀኑ ያንቀሳቅሱት» አለች።

እናቴ በየጠዋቱ የበሩን መቃን ተደግፋ እጇን ወደ ላይ ትስባለች፤ የደረሰችበትን በልብስ ጠመኔ ታሰምራለች። አንዳንድ ሳምንት መስመሩ ንቅንቅ አይልም። ዝቅ ያለ ቀን ጠመኔውን ወርውራ ትሄዳለች። አንስታ የምታመጣላት አክስቴ ነበረች።

«ያዢ እንጂ! ለተከራዩ ምን ልበለው?»

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ አባራ። ሁለተኛው ምርመራ ፍሎራይዱ በጣም መውረዱን አሳየ። በማግስቱ ሞባይል ሻጩ ለመደርደሪያው ግድግዳ ሊለካ መጣ። የብረት ሜትሩን ገና ሲዘረጋ ሾፌሩ ገባ፤ የሠርጉን ልብስ ሊያሰፋ ነው። እንደለመደው ዱካው ላይ ቁጭ አለ።

«ተነስ» አለችው እናቴ።

«ደክሞኛል እኮ፣ እማማ።»

«ሠርግህ ላይ ተቀምጠህ ልትውል ነው? ቁም!»

ቆመ። አዝኖላት መሰለኝ፣ ጎንበስ አለ።

«ቀጥ በል!»

እናቴ በእግሯ ጣቶች ተንጠራራች። እጇ ትከሻዋን አለፈ፣ ጆሮዋን አለፈ፤ አልወረደም። የመለኪያው ጫፍ የሾፌሩ ማጅራት ላይ አረፈ።

አክስቴ ወደ ሞባይል ሻጩ ዞረች። «አንተ፣ ያንን ብረትህን ጠቅልለው። እዚህ ቤት የሚለካ አለ።»

«ምን አፍሽን ከፍተሽ ታይኛለሽ?» ጮኸችብኝ እናቴ፣ እጇን ሳታወርድ። «ጻፊ!»