በርናባስ የተቀመጠ ቀን

ሱሌይማን በርጩማዋን መድረኩ ላይ ካለው ድራም ጀርባ ደበቃት። የባንዱ ዘፋኝ በርናባስ ካያት ጉድ ፈላ! «ተቀምጬ የዘፈንኩ ቀን ኩርኩም ባንድ ሞተ በሉ» ብሎ ምሏል፤ ቃሉን የሚበላ ሰው ደግሞ አይደለም። ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ ብዙ እንዳይቆም ቢያስጠነቅቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ባንዱ ከፈረሰ ግን ሱሌይማን ምን ይቀረዋል? መሃል ከተማ ያለችው የጨርቅ ሱቁና ትዝታ ብቻ።

ትዝታውስ ቢሆን ቀላል ነው እንዴ! ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ሐዋሳ ውስጥ ፓንክ የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሳይኖር፣ እነዚህ ጎረምሶች ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ጀመሩ። ጎረቤት ሁሉ አባረራቸው። የሱሌይማን እናት፣ እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ሸምሲያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መጋዘኗን ባትሰጣቸው የት ይለማመዱ ነበር?

ያኔ አዳራሽ ውስጥ አንድ ወንበር ካለ አይጀምሩም፤ ሁሉም ወደ ውጭ ይወጣል። በርናባስ ከመድረክ ዘሎ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ሰውም ይቀልበዋል። ዓመታት ሲሄዱ መዝለሉ ቀረና በደረጃ መውረድ መጣ። ሁለት ሰዓት የነበረው ትርዒት አንድ ሰዓት ሆነ። ድሮ ሲዘሉ የነበሩት ታዳሚዎች የልጆቻቸውን ጆሮ በጥጥ ደፍነው ይዘዋቸው መምጣት ጀመሩ። ያልተለወጠው መዝጊያው ነው፤ «ክፈቺው»። ግጥሙን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ በርናባስ በጩኸት ይውጠዋል። ሱሌይማን ራሱ ቤዝ ጊታሩን እየደበደበ ስለ አንዲት ልበ ደንዳና ኮረዳ የተዘፈነ ይመስለው ነበር። አንዴ ቢጠይቀው፣ «ስማው!» ብሎ ተቆጣው። ያንን ጩኸት ማን ይሰማል!

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። አራት ዘፈን እንደ ድሮው አንቀጠቀጡት፤ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደሚችለው እሱ ይወቅ፣ ጀግና ነው! መዝጊያው ላይ ግን ጉልበቱ ከዳው። የማይኩን ማቆሚያ ይዞ ተንገዳገደ። ሱሌይማን በርጩማዋን ይዞ ሮጠ።

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልሙት እንጂ አልቀመጥም!»

«መቆሙንማ አልቻልክበትም። ብትሞትም የምቀብርህ እኔው ነኝ፤ ተቀመጥ!»

በርናባስ በርጩማዋን እንደ ጠላት ሲያያት ቆየና ተቀመጠ። ተቀምጦ መጮህ አቃተው መሰል፣ ድምፁ ዝግ ብሎ ወጣ። ድራም የምትመታው እህተማርያምም እጇን አለዘበች።

«መንደር ሲያባርረን ጩኸታችን መሮ፣
ሸምሲያ ብቻ ናት የሰጠችን ጆሮ፤
በሩን እንደ ድሮ ክፈቺው እናቴ፣
ከእህልሽ መሃል ነው የቀረው ልጅነቴ...»

ሸምሲያ! እናቱ! የሱሌይማን ጣት ክሩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ በሃያ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዙ ዝም አለ። እንባው ሲወርድ ሰው ያየኛል እንኳ አላለም። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ።

ከመድረኩ ሲወርዱ የበርናባስን ክንድ ያዘው። «አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴ! ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስጮህልህ ኖርኩ እኮ!» አለ በርናባስ። እያነከሰ ሁለት ደረጃ ወረደና ዞር አለ። «ደግሞ በርጩማዋን እዚያ ጥለሃት እንዳትመጣ። ለሚቀጥለው ታስፈልገኛለች።»