ሜዳው ተኝቷል

ውድድሩ በተከፈተበት ቀን ከድንኳኑ ሥር ያልተመሰገነ ፍጡር አልነበረም። የታሸገ ውሃ የሰጠው ነጋዴ ተመሰገነ፤ ድምፅ ማጉያ ያከራየው ተመሰገነ፤ ከአዲስ አበባ የጎልፍ ዱላ ጭኖ የመጣው የሚኒባስ ሹፌር እንኳ ስሙ ተጠርቶ ተጨበጨበለት። አለምነሽ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ስሟን የጠራ የለም። ወንበር ያቀረበላትም የለም። የሰው ወንበር አትለምንም፤ ሰባ ዓመት ቢያልፋትም እግሯ ገና ይሸከማታል። ግን እነዚያ ሁሉ ሰዎች የቆሙበትን ሣር ሠላሳ አራት ዓመት ያጨደች፣ የሚሮጡበትን መስመር በኖራ ያሰመረች እሷ ናት። ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው። መድረኩ ላይ የነበሩት ደግሞ ትናንት የተወለዱ አይደሉም፤ ግማሾቹ ራሰ በራ ሆነዋል።

የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰበሰቡት ሁልጊዜ በክረምት ነው። ውጭ አገር ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም ፈቃድ የሚያገኘው ያኔ ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ አንስቶ በየቅዳሜው ባች ከባች ኳስ ይጋጠማል፤ የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ዋንጫ ይነሳል። ትምህርት ቤቱ ባለበት በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ዘንድሮ ግን ኳስ ብቻውን አነሰና ጎልፍ ተጨመረበት።

ጎልፉን ያመጣው የቀድሞ ተማሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ኢዮስያስ ነው። አዲስ አበባ ትልቅ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ሲሠራ የተማረው ጨዋታ ነው አሉ። እንቁላል የምታህል ኳስ በብረት ዱላ መትቶ ያርቃትና፣ መልሶ እሷኑ ፍለጋ አንገቱን ደፍቶ ይዞራል። አለምነሽ መጀመሪያ ስታየው ቁልፍ የጠፋበት መስሏት ልታፋልገው ሁሉ ተነስታ ነበር። ይኸው ኢዮስያስ ስድስት ቀዳዳ አስቆፈረ። አምስቱ በሜዳው ዳርና ዳር ሆኑ፤ ስድስተኛዋን ከድንኳኑ በደንብ እንድትታይ ብሎ ከሰሜኑ ጎል ፊት ለፊት አደረጋት። ኳሷ እንድትንከባለል ሣሩ መላጨት አለበት ተባለ፤ ተላጨ። መሬቱ መደልደል አለበት ተባለ፤ ከመንገድ ሥራ ላይ ሮለር መጣና በሰኔ ዝናብ፣ በእርጥቡ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲደቁሰው ዋለ።

አለምነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ አትደብቀውም፣ አታፍርበትምም። ሜትር አታነብም፤ ግን ባለ ቋጠሮ የቃጫ ገመድ አላት። በዚያ ገመድ ያሰመረችውን ሜዳ መሐንዲስ ሁለት ጊዜ ለክቶት ሁለቴም አፍሮ ሄዷል። ከገመዱ ሌላ ደግሞ የወይራ ችካል አላት። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት ጎሉ ፊት ትሄድና ችካሏን በሁለት እጇ ትጫነዋለች። አራት ጣት ገብቶ ከቆመ ይጫወታሉ። ከአራት ጣት ካለፈ «ሜዳው ተኝቷል» ትላለች፤ የተኛ ደግሞ አይቀሰቀስም። ዳይሬክተር ሲቀያየር፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ አራት ጣት አራት ጣት እንደሆነ ኖረ። ጡረታ ስትወጣ እንኳ ምትክ የሚቀጥርላት ስለጠፋ ሜዳው በእጇ ቀረ።

ሮለሩን ያየች ቀን ኢዮስያስን ጠርታ ነገረችው። ይሄ አፈር ላዩ አሸዋ ይምሰል እንጂ ውስጡ ጭቃ ነው፤ በእርጥቡ ከደቆሳችሁት ውሃ መጠጣት ያቆማል፣ እስከ ነሐሴ ገንፎ ይሆናል አለችው። ኢዮስያስ ሳቀ። ሥራውን የሚመራው መንገድ የሠራ መሐንዲስ ስለሆነ ማዘር እንዳይጨነቁ፣ ይልቅ ወደ ጥላ ገብተው ለስላሳ እንዲጠጡ መከራት።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «መንገድ የሚደቆሰው ውሃ እንዲተፋ ነው። ሜዳ የሚተወው እንዲጠጣ ነው። ይሄን የሚያህል ነገር አዲስ አበባ አላስተማሩህም?»

አብረውት የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሮለሩ ግን አልቆመም። ለስላሳውንም አልጠጣችውም።

እንዲህ አፏን ያሾለችው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ከሌላ ከተማ የመጣ ትምህርት ቤት ሊጋጠም ቀጠሮ ነበር። ችካሏ ስድስት ጣት ገባ። «ሜዳው ተኝቷል» አለች። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር እንግዳ ጠርቼ በእንጨት አልሰርዝም ብሎ አጫወተ። ዮፍታሄ የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሰሜኑ ጎል ጋ ሲደርስ አንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ሰውነቱ ግን ሄደ። አጥንቱ ሲሰበር የሰማ ሰው ዛሬም ሲያወራው ፊቱን ያዞራል። በሳምንቱ ጸሐፊው ወረቀት ይዞ መጣና የማጭድ መረከቢያ ነው አላት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያወቀችው በሁለት ዓመቱ ነው። ልጁ የተሰበረው ሜዳ ጠባቂዋ ሜዳው እርጥብ መሆኑን ባለመናገሯ ነው፣ ጥፋቷንም ታምናለች ይላል። በገዛ ጣቷ ራሷን ከሰሰች። ከዚያ ወዲህ የመብራት ወረቀት እንኳ ቢመጣ ሰው ጠርታ ሁለት ጊዜ ሳታስነብብ አልነካችም።

ዮፍታሄ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ የማኅበሩም ጸሐፊ ነው። ግራ እግሩን ይጎትታል። ጠዋት ጠዋት አጎንብሶ ሰላም ይላታል፤ ስለዚያ ቀን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ውድድሩ ተጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሱሪ የለበሱት ጎልፋቸውን እየመቱ በዝግታ ይዞራሉ፤ ከሰዓት ታኬታ ያደረጉት ይገባሉ። አለምነሽን «ሜዳው እንዴት ነው?» ያላት ማንም የለም። እሷ ግን አልቀረችም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ጣት ገባ። በሦስተኛው አራት። በአምስተኛው አምስት ሆነ፤ ያን ቀን ሁለት ተጫዋቾች ተንሸራተው በግንባራቸው ተደፉ፣ ተመልካቹም ተሳሳቀ። ሰሜኑ ጎል ፊት ውሃ አቆረ። ኢዮስያስ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ አለና አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ አስደፋበት። አሸዋው ተበተነ፤ ጭቃው ከዓይን ጠፋ፤ ሁሉም ዐረፈ። አለምነሽ ሄዳ ለዮፍታሄ ነገረችው። ለማኅበሩ ኮሚቴ አቀርባለሁ አላት። አቀረበም አሉ፤ ኢዮስያስ ግን «የእማማ እንጨት ደግሞ ምን አለች?» ብሎ ስብሰባውን አሳቀበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። ጎልፍ አመጣለሁ ብሎ አርባ ዓመት የኖረ የኳስ ሜዳ ገደለ።

የዋንጫው ቀን ደረሰ። ጠዋት ጎልፉ ተጠናቀቀ፤ ኢዮስያስ ራሱ አሸነፈና ለራሱ አጨበጨበ። ከሰዓት የ1998 እና የ2003 ባቾች ማሊያ ለብሰው ወጡ። ድንኳኑ ሞላ፤ አጥሩ ሰው አፈራ። ዳኛው ሙባረክ የሚባል፣ ለዋንጫው ብቻ ከከተማው የተመደበ ቀጭን ሰው ነው። ሜዳውን በዓይኑ ዞረውና፣ ያን አዲስ አሸዋ ትንሽ ተመልክቶ፣ የሜዳ ኃላፊው የፈረመበት ማረጋገጫ የታለ ብሎ ጠየቀ። ኮሚቴው እርስ በርስ ተያየ። ያለ እሱ ፊሽካ አልነፋም አለ። መዝገብ ቤት ተሮጠ፤ መዝገቡ ላይ የተገኘው ስም አንድ ብቻ ሆነ።

አሁን ወንበር መጣ። ከነትራሱ። አለምነሽ አልተቀመጠችም። ኢዮስያስ ነጭ ሱሪውን እንደለበሰ፣ በአንድ እጁ ወረቀት በአንድ እጁ የቀለም ሣጥን ይዞ እየፈገገ ደረሰ።

«እማማ አለምነሽ፣ እናታችን» አለ፣ «እዚህች ጋ ጣትዎን ጫን ያድርጉልን፤ ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ።»

ከማዘር ወደ እማማ፣ ከእማማ ወደ እናታችን ያደገችው በአንድ ደቂቃ ነው። እሷም ይነበብልኝ አለች። ኢዮስያስ ተራ ፎርም ነው ሊላት ሲጀምር፣ የኮሚቴው ታናሽ የሆነችው ወጣት መምህርት ሊያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች። የሜዳው ይዞታ ለውድድር ብቁ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ በሜዳው ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ይላል። አለምነሽ ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት።

ከዚያ ማንንም ሳታይ ወደ ሰሜኑ ጎል ሄደች። ዳኛው ተከተላት፤ ኮሚቴው ተከተለ፤ ተጫዋቾቹም ተግተለተሉ። አሸዋውን በጫማዋ ገፋ አድርጋ ችካሏን ተጫነች። ችካሉ አራት ጣት አለፈ፤ ስድስት አለፈ፤ አንድ ስንዝር ሙሉ ገብቶም ገና አልቆመም። ስትነቅለው ጉድጓዱ ውሃ ተፋ።

«ሜዳው ተኝቷል» አለች።

ዳኛው አጎንብሶ ጉድጓዱን አየ። ኢዮስያስ ግን ሳቁ አለቀበት። ሦስት መቶ ሰው ቆሟል፣ ዋንጫውን የሚሰጡት እንግዳ ነገ ይበራሉ፣ ዘመኑ ተለውጧል፣ ሜዳ በእንጨት ተወግቶ አይለካም አለ። ቀጥሎም ወደ ዮፍታሄ ዞሮ፣ እሳቸው ካልፈለጉ የማኅበሩ ጸሐፊ ይፈርማል፣ ና ፈርም አለው።

ዮፍታሄ እግሩን እየጎተተ መጣ። ወረቀቱን ተቀበለ። ብዕሩን ግን አልተቀበለም።

«ያኔም ተናግረው ነበር» አለ፣ ድምፁ ለራሱ ብቻ እንደሚናገር ሰው ዝቅ ብሎ። «ልብስ ስንቀይር በመስኮት ሰምቻለሁ። ሜዳው ተኝቷል ብለው ነበር። በኋላ አልተናገሩም ተብሎ ሲጻፍባቸው ሰምቻለሁ አላልኩም። ዳይሬክተሩን ፈራሁ። አልፈርምም፣ ኢዮስያስ።»

አለምነሽ አላየችውም። ቢያያት ዓይኗ ውስጥ የሚያገኘውን ነገር በሰው ፊት አታሳይም። ችካሏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጊዜ ወሰደባት።

ኢዮስያስ ፊቱ ቀላ። ወረቀቱን ነጠቀው። ማንም የማይፈርም ከሆነ ራሱ እንደሚፈርም፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚህችው ሜዳ ላይ ጎልፍ ሲጫወት መዋሉን፣ አንድም ጊዜ እንዳላዳለጠው ለዳኛውም ለሰውም ተናገረ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ከፈተ።

አለምነሽ ቀና አለች። ይሄንን ልጅ ሒሳብ እንዳይማር ከታጨደ ሣር ክምር ሥር ሲደበቅ ስንቴ በጆሮው ጎትታ አውጥታዋለች። መንገድ ዘግታበት ቆመች። ከደረቱ አታልፍም፤ እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ፈርም፤ እጅህን የያዘው የለም» አለችው። «ጠዋት ተራመድክበት እንጂ አልሮጥክበትም። እነዚህ ልጆች ደግሞ ሊራመዱ አልመጡም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ወረቀቱን ለሊያ ስጣት፣ ያን ነጭ ሱሪህን ሰብስብ፣ ከመሀል ሜዳው ተነሥተህ እስከዚህ ጎል ድረስ ሩጥ። እንደ ጎልፍ አይደለም፤ ተከላካይ ከኋላው እንደሚያባርረው ሰው፣ ባለ በሌለ ኃይልህ። እኛ እዚህ ቆመን እናያለን። በል፣ ኢዮስያስ፣ ሩጥ።»