ብሎኑ የተፈታ ጥሎሽ

እታለማሁ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ የተሳፈረችው ወርቅ ልትመርጥ ነው ተብሎ ነው። አጎቷ የሚያውቁት ይኼን ነው፤ ጎረቤቱም የሚያውቀው ይኼንኑ ነው። ልጅቱ ግን የምትሄደው ላፕቶፕ ልትመርጥ ነበር፤ ያውም ተሠርቶ ያለቀ ሳይሆን ዕቃው ከየቦታው ተለቅሞ የሚገጣጠም። እውነቱን የምታውቀው እናቷ ዘውድነሽ ብቻ ናት። ምስጢሩ ሆዷ ውስጥ እየተንፈራገጠ ስላስቸገራት እታለማሁ መንገዱን ሁሉ ጥርስ በጥርስ ሆና ነው የሄደችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ሙሽራ ነሽ መሰለኝ» አሏት። ለሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለማሁ የቤት ፕላን ትነድፋለች። እንጅባራ ያለ አንድ የግንባታ ድርጅት ከአዘና እስከ አዲስ ቅዳም እየዞረ ቦታ የሚለካ፣ እዚያው የሚነድፍ ሰው ፈልጎ እሷን መረጠ። «ከሠርግሽ በኋላ ባለው ሰኞ የራስሽን ላፕቶፕ ይዘሽ ነይ፤ ካልያዝሽ ቦታው ለተጠባባቂዋ ነው» አላት። እጮኛዋ እንየው እንጅባራ መናኸሪያ ጀርባ ኮምፒውተር ይጠግናል። ለጥሎሽ ወርቅ ብሎ ያጠራቀመው አርባ ሺህ ብር አለ። ለሠርጉ ልብስና ጫማ ካስቀመጣት በቀር ከዚያ ሌላ ሰባራ ሳንቲም የለውም። ስለዚህ በወርቁ ብር ላፕቶፕ ሊገዙ ሁለቱ ተማከሩ።

ችግሩ ጋሼ ገበየሁ ነበሩ። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ግንበኛ አጎቷ ናቸው። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ «ቀሚሱንም ጫማውንም ደስ እንዳላችሁ አምጡት። ወርቅ ግን በዐይኔ ካላየሁ ልጄን ከዳሱ አላስወጣም» ብለው ቁጭ አሉ። ጋሼ ገበየሁ ደግሞ አንዴ ቁጭ ካሉ የሚያነሣቸው የለም።

የእንየው ሱቅ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ናት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ያስመጣቸውን ዕቃዎች ደርድሮ ጠበቃት። ሆዳቸው የተከፈተ፣ ያገለገሉ ሦስት ትንንሽ ላፕቶፖች አሉ። ከጎናቸው ባትሪ፣ ራም፣ ኪቦርድ የሚሉት የፊደል ገበታ፣ ምኑ ቅጡ። እታለማሁ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች።

«ከምኑ እንጀምር?» አላት።

«ከመሠረቱ ነዋ። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ጣሪያም ይቀየራል። መሠረት አንዴ ከወጣ ግን ወጣ ነው።»

«እንግዲያው ማዘርቦርዱን እይ። ፕሮሰሰሩ እሱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ኋላ ልቀይር ብትይ አይሆንም።»

እሷ ግን ዐይኗ እንደ መስተዋት የምታብረቀርቀው ቀጭኗ ላይ ነበር። አነሣቻት። እጇ ላይ ያለችም አልመሰላት።

«እሷን ተያት» አለ እንየው። «ራሟም የተበየደ ነው። በአራት ጊጋ ተወልዳ በአራት ጊጋ ትሞታለች እንጂ አታድግም። ያንቺን ፕላን ስትከፍቺባት ፈዝዛ ነው የምታይሽ።»

«አንተ ደግሞ ቆንጆ ነገር አትወድም።»

«አንቺን ወድጄ የለም እንዴ?»

እታለማሁ ሳቋ አፈናትና ቀጭኗን ቦታዋ መለሰች። ሁለተኛው ላፕቶፕ ጉልበታም ነበር፤ ዳሩ ግን ይዛው በመጣችው የትከሻ ቦርሳ አልገባ አለ። በባጃጅ ተጨናንቃ፣ በእግሯ ዳገት ወጥታ ለምትሠራ ሰው ያ አይሆንም። ሦስተኛዋ አሥራ ሁለት ኢንች ናት፤ ጥቁር፣ አንድ ማዕዘኗ የተሸረፈ፣ መልኳ የማያስጎመጅ። እንየው ሆዷን ገልብጦ ሁለት የራም ማስገቢያ አሳያት።

«ሁለት?» አለች እታለማሁ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ትላለች እናቴ።» ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት፤ ገባች። ዚፑን ዘጋችው፤ ተዘጋ። ቦርሳውን አንግታ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እስክስታ መምታት ስትጀምር ክርኗ መደርደሪያውን መታውና ሦስት ቻርጀር ወረደ።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ መጣ። የተረፈው ብር ሦስት ዕቃ ይችላል፤ እሷ የምትፈልገው አራት ነው። ራሙ አያከራክርም። «ራም ማለት የሥራ ጠረጴዛሽ ነው፤ በሰፋ ቁጥር ብዙ ትዘረጊበታለሽ» አላት፤ ስምንት ስምንት ጊጋ ሁለት ያዘች። ኤስኤስዲው መጋዘኗ ነው። ትልቁን አየችና፣ «ፕላን እንጂ ፊልም አላከማች» ብላ መካከለኛውን አነሣች። የቀሩት አዲሱ ባትሪና ፊደሎቹ ከሥር የሚበሩት የፊደል ገበታ ናቸው። እንየው ገበታውን ለማሳያ አበራላት። ከጥላው ውስጥ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ባትሪው ይቅርብኝ ብል?»

«አዘና መብራት ሲጠፋ በፊደል ብርሃን ነው የምትነድፊው?»

እታለማሁን ቆጫት። እውነቱን ነው። የሚበራውን ገበታ ዐይኗ እንዳያየው ደፋችውና ባትሪውን ያዘች። ከዚያ እንየው ትንሿን መፍቻ ሰጥቷት ሁሉንም በራሷ እጅ አስገጠማት፤ አስፈታት፤ ደግማ አስገጠማት። «ባትሪ መጀመሪያ ይነቀላል፤ መጨረሻ ይገባል። ሌላውን ብትረሺ ይቺን አትርሺ» አላት። ስትበራ ከፍላሽ ላይ ከባዱን ፕላኗን ከፈተችባት። ላፕቶፗ ምንም ሳትንገዳገድ ከፈተችው። እታለማሁ በደስታ የእንየውን ጆሮ ሳመችው፤ ጉንጩን አልማ ነበር።

«ጋሼን ምን እንላቸዋለን?» አለች ኋላ፣ ቻርጀሮቹን እየለቀመች።

«ሀብቱ አለ አይደል» አለ እንየው። ሀብቱ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ጥሎሹን በዳሱ ፊት እያነሣ የሚጠራው እሱ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም የተባለው ለሀብቱ ሳይሆን አይቀርም።

ሠርጉ በጥር ደረሰ። ዳሱ ሞልቶ፣ ጥሎሹ ሊታይ ነው ሲባል ሰው ሁሉ አንገቱን አስረዘመ። እታለማሁ ዓይነ ርግቧን አጥልቃ፣ ሙሽራ እንደሚገባት አቀርቅራ ተቀምጣለች። ሀብቱ እያንዳንዱን ዕቃ ከራሱ በላይ ያነሣል። «የሐበሻ ቀሚስ፤ ሁለት!» ሴቶቹ እልል ይላሉ። «ጫማ፤ ሁለት!» እልልታ። በየእልልታው መሐል አንደኛ ሚዜው ምንይችል ከጥሎሹ የወጣውን ሽቶ ዕቃውም ላይ ሰዉም ላይ ፍስ ያደርጋል። ሚዜነት ለምንይችል ሽቶ መርጨት ነው፤ እጁ ላይ ጠርሙስ ካለ ማንም አይመክረውም።

«ወርቁስ?» አሉ ጋሼ ገበየሁ።

ሀብቱ ላፕቶፗን አነሣ። «ላፕቶፕ፤ አንድ» አለ፤ ድምፁ ትንሽ አነስ ብሎ ነበር።

እልልታ የለም። ጋሼ ገበየሁ ተነሥተው ቀረቡና ላፕቶፗን ከላይ ከታች አዩዋት። «ወርቁን አስቀርታችሁ ያመጣችሁት ይቺን ነው? ከደብተር የማትበልጠውን? ማዕዘኗም ተሸርፏል። ጥሎሽ በሰው ፊት ይታያል፣ ይቆጠራል። ይቺ ቢቆጥሯት አንድ ናት።»

እታለማሁ ከዓይነ ርግቧ ሥር ላፕቶፗን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ያን ያህል ለፍታ ትንሽ ላፕቶፕ የመረጠችው ትንሽነቷ እንዲያዋርዳት ኖሯል። ላፕቶፗ ከተመለሰች ሥራዋ ሄደ፤ ካልተመለሰች ሠርጉ ሊቆም ነው።

«ማን አንድ ናት አለዎት?» አለ ሀብቱ፣ ምላሱ ተመልሶለት። «ውስጧ ስንት ዕቃ እንዳለ መች አዩና። እንየው፣ ፍታት።»

እንየው መፍቻውን ከሱፉ ደረት ኪስ አወጣ። በሠርጉም ቀን መፍቻውን ቤት አልተወም። ብሎኖቹን ፈታና እንደ ደንቡ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅሎ ለወንድሙ አቀበለው።

«ባትሪ፤ አንድ፤ አዲስ!» ሴቶቹ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። «ራም፤ ሁለት! ጠርዙን ይዩልኝ ጋሼ፣ ወርቅ የተቀባ ነው።» ጋሼ ገበየሁ ራሙን ወደ ብርሃን አቅርበው ዐይናቸውን አጠበቡ። «ይቺማ ለጉንዳን ጥርስም አትበቃ» አሉ፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። «መጋዘን፤ አንድ! ማራገቢያ፤ አንድ!» እልልታው ቀለጠ። ደስታው ምንይችልን ያዘው። ጠርሙሱን ዝቅ አድርጎ በተከፈተው የላፕቶፗ ሆድ ላይ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ አደረገበት።

እንየው ክው አለ። ሀብቱ ግን ምኑም ስላልገባው፣ «በሉ ደግሞ ስትበራ እዩልኝ» ብሎ ባትሪውን ሊመልሰው ጎንበስ አለ።

ያን ጊዜ ሙሽራዋ ተነሣች። ዓይነ ርግቧን ወደኋላ ወርውራ፣ ቬሎዋን ሰብስባ ሦስት እርምጃ ተራመደችና ባትሪውን ከሀብቱ እጅ ነጠቀችው። «ማንም እንዳይነካት» አለች። «ባትሪ መጨረሻ ነው የሚገባው።»

ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ሙሽራ ስትናገር የሰማ የለም፤ ስታዝዝማ ጭራሽ። እታለማሁ ግን አንዱን ነጭ ጓንቷን አውልቃ በሱ ቦርዱን በእርጋታ ትጠርጋለች። «ባትሪው ባይነቀል ኖሮ አልቆላት ነበር» አለ እንየው። «አሁን ሽቶው እስኪተን እንጠብቅ።»

እናም ተጠበቀ። ላፕቶፕ እስኪደርቅ ሠርግ ሲቆም ዳንግላ ያን ቀን አየች። ጋሼ ገበየሁ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቦርዱን ያራግቡ ጀመር። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእናትሽን ያንገት ወርቅ ማን እንደሸጠው ታውቂያለሽ?» አሏት።

«እናቴ ናታ።»

«እኔ ነኝ። ኮሌጅ የገባሽ ለት። አባትሽ ያሠራላት ነበር። አንገትሽ ላይ ወርቅ ሳላይ እንዴት አድርጌ ልሸኝሽ?»

እታለማሁ እጇ ቆመ። ይኼን ሁሉ ዓመት ያ ወርቅ እሳቸውን ሲበላቸው እንደኖረ አላወቀችም። ያራግቡበት የነበረውን ክንዳቸውን ያዝ አደረገች። ከኋላዋ ዘውድነሽ፣ «ሽጠው ያልሁት እኔ አይደለሁም እንዴ ገበየሁ» አለች። ጋሼ ማራገባቸውን ቀጠሉ።

ቦርዱ ሲደርቅ እታለማሁ ራሷ ገጠመችው። መጋዘኑን፣ ማራገቢያውን፣ ራሙን፤ መጨረሻ ባትሪውን። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነችው። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ ምንም የለም። በሦስተኛው በራች። ፊደሎቹም ከሥር አብረው ቦግ አሉ።

ይኼን አላዘዘችም። ቀና ብላ እንየውን አየችው። እንየው ሰማይ ሰማይ እያየ አንድ እግሩን ብድግ አደረገ፤ ያደረገው ያንኑ አሮጌ ጫማውን ነው፣ በቀለም ተወልውሎ። የሙሽራ ጫማው የፊደል ገበታ ሆኗል። እታለማሁ ሳቅም እንባም በአንድ ላይ ሲመጣባት አፏን በቀረው ጓንቷ ያዘች።

«እስቲ ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለችና ያንን ከባዱን ፕላኗን ከፈተች። ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ዞረ። ጋሼ ገበየሁ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩት። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲሠሩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በእንጨት ጫፍ መሬት እየጫሩ ያሳዩዋት የነበረው የራሳቸው ቤት ነው፤ ያልሠሩት ቤት። መስኮቱን ቆጠሩ። በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ።

«የኩሽናውን በር ነፋስ ያገኘዋል» አሉ።

«አሁኑኑ ላዙረው?»

«ተዪው። ሰኞ ሥራ ገብተሽ ስትመለሺ ታዞሪዋለሽ።» ተነሡ። ባርኔጣቸውን ደፉና፣ «ሀብቱ፣ አንድ ዕቃ ሳትጠራ ቀርተሃል» አሉ። የበራችውን ላፕቶፕ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዳሱ ሁሉ እንዲያያት ከራሳቸው በላይ አነሧት።

«ወርቅ፤ አንድ» አሉ።

መጀመሪያ እልል ያለችው ዘውድነሽ ናት።