ሁለተኛው ጥሪ

"ወንድሜ፣ ልጁ ተወልዷል ወይስ አልተወለደም? መጀመሪያ እሱን ብቻ ንገረኝ።"

"ተወልዷል። ሴት ናት። እንግዴ ልጁ ነው የቀረው። ደሙ አልቆም አለ።"

ገበያነሽ ማዳመጫውን በግራ እጇ ወደ ጆሮዋ ተጭና በቀኟ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ማቴዎስ፤ ከቡሹሎ አለፍ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፤ ወላድ፣ ደም መፍሰስ፤ አራት ሰዓት ከአሥር። ሚስቱ ሊዲያ ትባላለች፤ ሦስተኛ ልጇ ነው። ሰውየው ቃላቱን እየመረጠ፣ እየተጠነቀቀ ነበር የሚናገረው። ገበያነሽን በአሥራ ስድስት ዓመት የአምቡላንስ ስምሪት ሥራዋ የሚጮኹ ደዋዮች ብዙም አያስደነግጧትም፤ የምትፈራው እንዲህ ረጋ ብለው የሚናገሩትን ነው።

በጀርባዋ እንዲያስተኛት፣ እግሯን ከፍ አድርጎ እንዲደግፍላት፣ ሕፃኗን ጡት እንዲያስይዝ፣ ከእምብርቷ ሥር ጫን ብሎ እንዲያሽላት ነገረችው። እያንዳንዱን ቃል አጠገቡ ላሉት ሴቶች በአካባቢው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ሲነግራቸው ትሰማለች። ከመካከላቸው አንዷ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

"ጎረቤቶች ባጃጅ አምጥተዋል፤ በር ላይ ቆሟል። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት?"

ገበያነሽ መስመሩን ሳትዘጋ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። ከሦስቱ አምቡላንሶች አንዷ ጋራዥ ከገባች ወር አልፏታል። ሌላዋ ሲነጋጋ በሽተኛ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወጥታለች። የቀረችው ደረሰ የሚነዳት ናት፤ እሷም ማደያ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ደረሰ ከፊቱ ሁለት መኪና ብቻ እንደቀረው፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚነሣ ነገራት። ያንን መንገድ ገበያነሽ ታውቀዋለች፤ ኮረኮንች ነው። ደም የሚፈሳት ሴት በባጃጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትንገላታ በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት።

"አታንቀሳቅሳት" አለችው። "መኪናው እየመጣ ነው።"

ሰውየው ፈጣሪን አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። የባጃጁን ሾፌር ሂድ ብሎ ሲመልሰው አልሰማችም። የሰማችው በኋላ ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲሆን ደረሰ በሬዲዮ ጠራት። ነዳጁ ከፊቱ በነበረው መኪና ላይ ማለቁን፣ የማደያው ሠራተኞች ገመድ መዘርጋታቸውን ነገራት። በጀሪካን ፈልጌ ልምጣ አለ፤ የት እንደሚያገኝ ግን እሱም አያውቅም። ገበያነሽ ለፖሊስ ደወለች፤ መኪኖቹ ስብሰባ ጥበቃ ላይ ናቸው ተባለች። መሃል ከተማ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ ደወለች፤ ሾፌራችን ፈቃድ ላይ ነው አሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ባልደረባዋ ኢያኤል በሌላው መስመር ደርዘን የሚሆን ቁጥር ሞከረች። የሚያነሣ ቢኖርም "እስቲ እንይ" ከማለት አላለፈም።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ማቴዎስ እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የት ደረሱ አለ። ሊዲያን ብርድ ብርድ እያላት ነው፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ባጃጁ ሄዷል ግን ብጠራው ይመለሳል አለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ገበያነሽ ያችን ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመረመረቻት ለቁጥር ያታክታል። ነዳጅ እንደሌለ ታውቃለች። መኪናው እንደማይነሣ ታውቃለች። "ባጃጁን ጥራና ውሰዳት" ለማለት ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያንን ማለት፣ ያለፈውን ሃያ አምስት ደቂቃ በከንቱ አስጠበቅሁህ ማለት ነበር። ያንን ራሷ ስትናገረው መስማት አልፈለገችም። አሥራ ስድስት ዓመት የለመደችው ቃል ቀድሟት ከአፏ ወጣ።

"እየመጣ ነው ወንድሜ። በርታ። አታንቀሳቅሳት።"

ደረሰ ከአንድ ጫት ነጋዴ በጀሪካን ነዳጅ ለምኖ ቦታው ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በሬዲዮ "ደርሻለሁ" አለ። ቀጥሎ የመጣው ድምፁ ከኋላው የለቅሶ ጩኸት የተቀላቀለበት ነበር፤ አያስፈልግም፣ እየተመለስኩ ነው አላት። ገበያነሽ ሰዓቱን መዝገቡ ላይ አሰፈረች፤ ወዲያው ሌላ ስልክ ጮኸ፤ እሱንም አነሣች።

በማግሥቱ የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነዳጅ ይፈቀድልን እያለ ደብዳቤ ሲጽፍ የከረመ፣ መልስ ሲጠብቅ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ድምፅ መቅጃው ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም፤ ስለዚህ ምን እንዳለች የሚያውቀው ከእሷ አንደበት ብቻ ነበር። ነገረችው፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ብቻ። እሱም መዝገቡን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ "አድራሻው ግልጽ አልነበረም" የሚል እንድትጨምርበት ለመናት።

"አንቺም ከሄድሽ እዚያ ወንበር ላይ ማንን ላስቀምጥ ነው?" አላት። "ሁለት ሰው ነው ያለኝ።"

አልጻፈችም፤ አልጽፍም ብላም አልተከራከረችም። መዝገቡን ይዛ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘበኛው አንድ ሰው ይዞ ገባ። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ኮቱ አቧራ የጠጣ ሰው ነው። በእጁ ስልኩን ይዟል፤ መስታወቱ ላይ የደወለባቸው ሁለት ሰዓቶች ይታያሉ። ከኃላፊዎች ማንንም እንደማይፈልግ፣ ማክሰኞ ዕለት በስልክ ያነጋገረችውን ሴት ማየት ብቻ እንደሚፈልግ ተናገረ። ኢያኤል ጠረጴዛዋ ላይ አቀረቀረች።

"እኔ ነኝ" አለች ገበያነሽ።

ድምፅዋን ሲሰማ አወቃት። የሚጨብጣት መስሎ እጁን ዘረጋ አደረገና መልሶ ሰበሰበው።

"ለጠብ አልመጣሁም" አለ። "የሊዲያ ወንድሞች አላመኑኝም። 'ደም የሚፈሳትን ሴት አትውሰድ የሚል ሐኪም የት አለ? ባጃጁን የመለስከው አንተ ነህ፣ የገደልካት አንተ ነህ' ይሉኛል። ሕፃኗን አማቴ ይዘዋታል። ለቅሶው ሲያበቃ ትልልቆቹንም ጨምረው ሊወስዱ ነው። እርስዎ መጥተው አንድ ቃል ብቻ ይናገሩልኝ። 'አትውሰዳት ያልኩት እኔ ነኝ' ይበሉልኝ።"

አቶ ወልደአማኑኤል በሩ ላይ ደርሶ ይሰማ ነበር። ሰውየውን ነፍስ ይማር አለውና ገበያነሽን ወደ ጎን ወሰዳት። እዚያ ሄዳ የምትናገረው ሁሉ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚከተላት፣ መሥሪያ ቤቱ አልላክኋትም እንደሚል፣ እሱም ሊያድናት እንደማይችል በዝግታ አስረዳት። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ገበያነሽ ማዳመጫዋን አውልቃ ለኢያኤል ሰጠቻትና ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

በባጃጅ ሄዱ። ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ማቴዎስ አንድ የዋርካ ጥላ በጣቱ አሳያት።

"መኪናው ቤቱን እንዳይስተው ብዬ እዚህ ወጥቼ ቆሜ ነበር" አለ። "ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም።"

ገበያነሽ የባጃጁን ብረት ጨብጣ ወደ መንገድ ዳሩ እንሰት አየች።

ድንኳኑ ከቤቱ ፊት ለፊት ተተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የሊዲያ እናት ከመካከላቸው ሕፃኗን ታቅፈዋል፤ አማርኛ አያውቁም። ትልቁ ወንድሟ ዮሴፍ ከኋላቸው ቆሟል። ማቴዎስ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ሲናገር ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

ገበያነሽ ቆማ ተናገረች። በስልክ ያናገረችው እሷ እንደሆነች፣ ባጃጁ በር ላይ እንዳለ ነግሯት እንደነበር፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ብሎ እንደጠየቃት፣ አትውሰዳት ያለችው እሷ እንደሆነች። ማቴዎስ ለአማቱ አንድ በአንድ አስተረጎመ። እያስተረጎመ ሲሄድ ድምፁ እየጠነከረ፣ አንገቱ እየቀና መጣ። ከወንዶቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ዮሴፍ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ረጅም አልነበረም።

"'መኪናው እንደሚመጣ ታምኚ ነበር ወይ?' ይላሉ" አለ ማቴዎስ።

አዎ ማለት ትችል ነበር። የተጠራችበት ጉዳይ አልቋል፤ ሰውየው ነጻ ወጥቷል። የቀረውን እዚህ ድንኳን ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቢያውቁትም ሊዲያን አይመልስም። አሮጊቷ ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል፤ በጡታቸው ላይ ያለችው ሕፃን የሌለውን ወተት ትፈልጋለች።

"መጀመሪያ ሲደውል አምኜ ነበር" አለች። "ሁለተኛ ሲደውል ግን ነዳጅ እንደሌለ አውቅ ነበር። እንደማይመጣ እያወቅሁ ነው እየመጣ ነው ያልኩት።"

ማቴዎስ ለማስተርጎም አፉን ከፈተ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረና የሰማውን ዳግም እንድትለው የሚጠብቅ ይመስል አያት። እሷም አየችው። አማቱ ምን አለች ብለው ጠየቁት።

ከኋላ ሆኖ ያስተረጎመው ዮሴፍ ነው። ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር። አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን በራሳቸውም በሕፃኗም ላይ ሸፈኑት። ማቴዎስ ተነሥቶ ከድንኳኑ ወጣ፤ ከቤቱ ጀርባ ወደ እንሰቱ ሲገባ ታየ። የተከተለው የለም።

"እሺ፤ አሁን ይሂዱ" አላት ዮሴፍ። ንዴት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ደጅ ላይ ይዟቸው የመጣው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። ገበያነሽ ወጣች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ከኋላው ያለውን ወንበር በጨርቅ ጠረገላት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አውጥታ ሳታየው አጠፋችው።

"አትጠብቀኝ" አለችው። "ሂድ።"

ተመልሳ ገባችና ከሴቶቹ ጀርባ፣ ሰሌኑ ካበቃበት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።