የዝናቡ ምሳሌ

ማሪቪክ የመሥሪያ ቤት ባጇን ከአንገቷ ሳታወልቅ ለቅሶ ቤት ገባች። የሬሳ ሣጥኑ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ቀብሩ እሑድ ነው። ደጅ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ለቀስተኞቹ እንደ አገሩ ልማድ ካርታ ይጫወታሉ። ሟቹ ኖኖይ ከጎኑ የተሳፋሪ መቀመጫ በተገጠመለት ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ የሰፈራችንን ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። ማሪቪክንም ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ሥራ ያደረሳት እሱ ነው። ታሞ በተኛ ጊዜ ግን አንድ ቀን ብቅ አላለችም፤ ሥራ በዝቶባት። ዛሬ የመጣችው ከሚስቱ ከእትዬ ሎሪንግ ጋር ለመታረቅ ነው።

ሥራዋ፣ አሜሪካኖች ተናደው ሲደውሉ ስልክ የሚያነሱ ልጆችን ማሠልጠን ነው። ሁልጊዜ የምትጀምረው በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። "ሲምፓቲ ማለት ዝናብ የሚመታውን ሰው በመስኮት አይቶ 'ውይ፣ ሲያሳዝን!' ማለት ነው። ኤምፓቲ ግን አብሮ መርጠብ ነው" ትላቸዋለች። ዛሬ ጠዋትም ብላዋለች፤ አምሮባትም ነበር።

ሎሪንግ አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን አለሰለሰች። "እትዬ ሎሪንግ፣ የሚሰማሽ ስሜት በሚገባ ይገባኛል። በምን ልርዳሽ?"

ሎሪንግ ቀና ብላ አየቻት። "ስልኩን ሳልዘጋ ልጠብቅ?"

ደጅ ያሉት ካርታ ተጫዋቾች ሰምተው ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። "አንድ ቁጥርን ተጫኚ በያት እንጂ!" አለ አንዱ።

የማሪቪክ ፊት ጋለ። "እትዬ፣ እኔ እንኳ..."

"ተይው። ኖኖይ 'ዝናብ ነው፣ ማሪቪክ ዛሬ በማን ሄደች ይሆን?' እንዳለ ነው የሞተው።"

ብስክሌቱ ላይ የኖኖይ መቀመጫ ጣራ አልነበረውም። እሷ ጎኑ፣ ከላስቲክ መጋረጃው ውስጥ ደርቃ ተቀምጣ ያንን ምሳሌ ስትለማመድ፣ የእሱ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። "ውይ ኖኖይ፣ ስታሳዝን!" ትለውም ነበር። ይኼ ትዝ ሲላት ዐይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

ሸራው ላይ ዝናቡ ወረደ።

"ብስክሌቱ!" አለች ሎሪንግ፣ ከወንበሯ እየተነሣች።

ማሪቪክ ቀደመቻት። ጃንጥላዋን አንሥታ ነበር፤ መልሳ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ብስክሌቱን ወደ ሸራው ሥር ገፋች፤ አልነቃነቅ አላት።

"ኧረ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አንሺ፣ አሠልጣኝ!" ብለው ካርታ ተጫዋቾቹ ጮኹባት።

አነሣች። ሎሪንግ ተከትላ ወጥታ ሌላውን ጎን ያዘች።

"ግፊ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ?"

ማሪቪክ የምትለው ነበራት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና ገፋች።