ድምፅ በማይገባበት ክፍል

እንደወትሮዬ ክሊኒኩ ቀድሜ ገባሁ። መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ የጆሮ ማዳመጫዎቹን በአልኮል ጠረግኩ፣ የመስማት መመርመሪያውን ማሽን አበራሁ። ታካሚ ከመግባቱ በፊት ከሠራተኞቹ ጆሮው ደህና የሆነ አንዱ ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ማሽኑን ይፈትናል። ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምትቀመጠው ሁልጊዜ እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች። ጆሯቸው ከከበደ ሰዎች ጋር ስትጮህ ስለምትውል አዋጅ እንላታለን።

ዛሬ አዋጅ አፍንጫዋን በመሀረብ ይዛ መጣች።

«ጉንፋን ጆሮዬን ደፍኖታል። ዛሬ ፈተናውን የምወድቀው እኔ ነኝ። በይ አንቺ ግቢ!»

«ነገ እንፈትነዋለን።»

«ሰው ተሰልፏል እኮ፣ እህቴ። ግቢ፣ ክፍሉ አይበላሽም!»

የምፈራው ጸጥታውን ነበር። በለቅሶው ሰሞን «ያለ ፈጣሪ ፈቃድ ቅጠል እንኳ አይረግፍም» ያላለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም በፈቃዱ ከሆነ የእኔ ቃል ምን ይጨምራል ብዬ ጸሎቴን ተውኩ። ጸጥ ባልኩ ቁጥር ግን የሚጠራኝ ያለ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጸጥ ማለትንም ተውኩ።

ገባሁ። በሩ ሲዘጋ መንገዱም፣ ሰልፈኛውም፣ የአዋጅ ሳልም ጠፉ። የልቤ ምት ብቻ ቀረ። ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ተጫንኩ። ሌላ መጣ፤ ተጫንኩ። የሚቀጥለው ሲመጣ ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ሰምቻለሁ። የላከው ሌላ ስለሆነ አለመስማት አልችልም። አለመጫን ግን እችላለሁ! ጣቴን የሚያዘው ማንም የለም፣ ከእኔ በቀር! ልቤ ዘለለ።

አዋጅ በሩን በረገደችው።

«አንቺ! አንቀላፋሽ እንዴ?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተጫንሽም?»

«ስላልፈለግኩ!» ሳቄ አመለጠኝ። «አልፈለግኩማ!»

«ወይ ጉድ! ጆሮሽስ ደህና ነው፤ ችግሩ ከጆሮሽ ከፍ ይላል።»

«ማሽኑን አጥፊና ትንሽ ተዪኝ።»

«ሰልፈኛውንስ ምን ልበለው?»

«አውጂለታ!»

እያጉረመረመች ዘጋችው። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ዞርኩ። ከልቤ ምት በታች ማሽን የማይለካው ዝምታ ነበር፤ ሰው እንዳለበት ቤት ያለ ዝምታ። ስለ ባለቤቴ ሞት ፈቃዴን የጠየቀኝ አልነበረም። መልሴ ግን እየተጠበቀ ነበር፤ ያለ ቁጣ፣ ያለ ማስገደድ። ቅጠሉን የሚያረግፈው እጅ አንደበቴን አልያዘውም።

«አለሁ» አልኩ።

ግድግዳው ድምፄን ዋጠው። ቢሆንም ደረሰ፤ መድረሱን አወቅኩ! በሩን በርግጄ መንገደኛውን ሁሉ ልጣራ ምንም አልቀረኝም።

«ተቆጥቻለሁ» አልኩት። «ግን አለሁ!»

ስወጣ አዋጅ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እንዲህ ዝቅ ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

«አለቀስሽ?»

«ጸለይኩ።»

«እሰይ!» ብላ ጮኸች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ።

ጠዋቱን በሙሉ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ለምሳ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ የምነግረው ለባለቤቴ ነበር። እሱ የለም፤ ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩና ቀና ብዬ «አለሁ» አልኩ።